ክሊራንስ የማይናገረው

ዛሬ የማነሳውን ጉዳይ ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም። ለቲቲፒ ወጥተን ሳለ አንዲት እናት አስተማረችኝ ብል ይቀላል።

የተመደብነው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋ ላይ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ነበር። አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን በጋቢ አዝላ፣ የአራት ሰዓት መንገድ በእግሯ ተጉዛ መጣች። ልጅቱ ሆዷን ያማት ነበር። የምርመራ አልጋው ላይ እንዳስተኛኋት እናትየው ምንም ሳልላት ወጥታ በሩን ከውጭ ገጠም አደረገችው። ተከትዬ ወጣሁና «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ፣ አጠገቧ ይሁኑ» አልኳት። «ምነው ዶክተር፣ እርስዎ እያሉ እኔ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ገና ተማሪ ነኝ። እዚያ አገር ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ስሜን አልጠየቀችም፣ የማን ልጅ እንደሆንኩም አታውቅም።

ማታ ተኝቼ ሳስበው ያመነችው እኔን አልነበረም። ያመነችው እዚያ ክፍል ውስጥ እንድገባ የፈቀደውን አካል ነው። «እነሱ አጣርተው ነው ያስገቡት» ብላ ነው በሩን የዘጋችው። ታዲያ ምን አጣርተዋል?

ከተመለስን በኋላ ይህን ጥያቄ ይዤ ሥራ የጀመሩ ሁለት ሐኪም ጓደኞቼንና በአንድ ሆስፒታል የሰው ኃይል ክፍል የሚሠራ አንድ ወዳጄን አነጋገርኩ። እንደሚታወቀው ለረጅም ዓመታት አዲስ ሐኪም ማመልከቻ አስገብቶ አይቀጠርም ነበር፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በዕጣ ይመድበዋል፣ ዕጣው የወጣለት ክልል ይቀበለዋል። አሁን ማስታወቂያ አንብቦ ማመልከት የተለመደ ሆኗል። ጓደኞቼ ያስገቡት ዲግሪ፣ የነጥብ ዝርዝር፣ የሙያ ፈቃድ፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ክሊራንስ ነው። ስለ ሕጻናት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አንደኛው እየሳቀ «ገንዘብ ያዥ ብሆን ኖሮ ዋስ አምጣ እባል ነበር» አለኝ። እኔን ግን አላሳቀኝም፤ ጓደኛዬ የተቀጠረው የሕጻናት ክፍል ነው።

ሕጉም ቢሆን ዓይኑ ብዙ ጊዜ ካዝናው ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በሌላ የተተካው የፌዴራል ሲቪል ሰርቫንቶች አዋጅ ቁጥር 515 ለመንግሥት ሥራ የማይበቃውን ሰው ሲዘረዝር የጠቀሳቸው እንደ እምነት ማጉደል፣ ስርቆትና ማጭበርበር ያሉ ጥፋቶችን ነበር። በሌላ በኩል የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕጻናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። አገራችን የተቀበለችው የ1989 (እ.ኤ.አ.) የሕጻናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 3 ለሕጻናት እንክብካቤ የሚሰጡ ተቋማት የሠራተኞቻቸው ብዛት ብቻ ሳይሆን ለሥራው ተስማሚነታቸውም የተጠበቀ እንዲሆን ይጠይቃል። ተስማሚነትን ግን በዲግሪ ማየት አይቻልም።

አሁን ወደ ክሊራንሱ ልምጣ። ክሊራንስ የሞላ ሰው ያውቀዋል፤ ከመጋዘን፣ ከፋይናንስ፣ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከብድርና ቁጠባው ማኅበር እየዞሩ ማስፈረም ነው። ብርድ ልብስ መልሷል፣ ስቴቶስኮፕ መልሷል፣ ዕዳ የለበትም። የሥራ ልምድ ደብዳቤውም ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ ደመወዝ ሠርቷል ይላል፤ ሲያምር ደግሞ «በታታሪነትና በቅንነት» የምትል ትጨመርበታለች። በዚያው በቲቲፒ ጊዜ አንዲት ነባር ነርስ ስለ አንድ ባለሙያ አጫወተችኝ። ቦታውን አልናገርም። ሁለት ቤተሰቦች በልጆቻቸው ምክንያት አቤት አሉበት። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ካሳ ተከፈለ፣ «የልጅቱ ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ ነገሩ ተዳፈነ። ባለሙያው ዝውውር ጠየቀ፤ ፈጥኖ ተፈቀደለት። ክሊራንሱ ሙሉ ነበር። «ደብዳቤውን ታይፕ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለችኝና ዝም አለች። እኔም ምን እንደምላት አላወቅኩም።

ብዙ ሰው መፍትሔው የፖሊስ ወረቀት ነው ይላል። የፌዴራል ፖሊስ አሻራ አይቶ የሚሰጠውን ከወንጀል ነጻ የሚለውን ማስረጃ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንግሊዝ ለምሳሌ ለጤና ሥራ ቪዛ የሚያመለክት ሰው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከኖረበት አገር ሁሉ ይህን ወረቀት እንዲያመጣ ትጠይቃለች። ለንደን ለሚሄደው ሐኪም የሚጠየቀው ደባርቅ ለሚሄደው የማይጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም። ይጠየቅ። ነገር ግን ከላይ ያነሳሁት ባለሙያ ቢጠየቅ ኖሮ ንጹሕ ወረቀት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ፖሊስ ጋ አልደረሰም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 እና 627 በሕጻናት ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በጽኑ ይቀጣል፤ ልጁ በአደራ የተሰጠው ሰው ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። በሽምግልና የሚያልቅ ነገር አይደለም። ደጋው ላይ ግን ያልቃል።

ወረቀቱ ኖሮም የሚሆነውን ከፈረንሳይ ማየት ይቻላል። ጆኤል ለ ስኩዋርኔክ የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2005 ቫን ከተማ ፍርድ ቤት የሕጻናት የብልግና ምስል ይዞ በመገኘቱ የአራት ወር የገደብ እስራት ተፈረደበት። ፍርዱ ከሥራው አላገደውም። በሚሠራበት በኬምፔርሌ ሆስፒታል የነበረ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ2006 ለዳይሬክተሩ ጽፎ አስጠነቀቀ። የሰማው የለም። በ2008 ጆንዛክ የሚገኝ ሌላ ሆስፒታል ቀጠረው፤ እዚያም ኃላፊዋ ስለ ፍርዱ ታውቅ ነበር። የቀዶ ሐኪም እጥረት ነበረባቸው። በ2017 የተያዘው አንዲት የጎረቤት ሕጻን በተናገረችው ነው። በ2025 በ299 ሰዎች ላይ በፈጸመው ጥቃት 20 ዓመት ተፈረደበት፤ አብዛኞቹ በጊዜው ሕጻናት የነበሩ ታካሚዎቹ ናቸው። ይህን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የእጥረቱ ነገር ነው። ፈረንሳይ አገር ሐኪም ስላጠረ ዝም ከተባለ፣ አንድ ሐኪም ለስንት ቀበሌ በሚዳረስበት በጃናሞራና በበየዳ ምን ይባላል?

ነገሩ የነጭ አገር ወሬ እንዳይመስልብኝ የራሳችንንም ልጥቀስ። በክልላችን በደቡብ ወሎ፣ ጃሪ ላይ ቴር ዴ ዞም የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ያቋቋመው የወላጅ አልባ ሕጻናት መንደር ነበር። መንደሩን ይመራ የነበረ እንግሊዛዊ በልጆቹ ላይ በፈጸመው ጥቃት በአገራችን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ሰውየው ሐኪም አልነበረም፤ አደራው ግን ያው ነው። ድርጊቱ ከተፈጸመ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነበር ፍርዱ የመጣው።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ የክፍል ጓደኛዬ ተቃወመችኝ። «ጠላት ያለው ሐኪም ምን ይሁን? በሐሜት ሰው ከእንጀራው ሊፈናቀል ነው?» አለች። ልክ ናት፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ደግሞ በእኛ አገር በመሬትና በደም የተቀያየመ ሰው ስንቱን ያወራል። ስለዚህ ሐሜት ይጻፍ አልልም። የምለው በጽሑፍ የቀረበ አቤቱታ ካለ፣ ተቋሙ አጣርቶ የደረሰበትን ውጤት ይጻፍ፣ ባለሙያውም አይቶ መልሱን ከሥሩ ያስፍር ነው። አጣርተው ነጻ ካሉትም ነጻ ተብሏል ብለው ይጻፉ፤ ንጹሑን ሰው ከሹክሹክታ የሚያድነው ይኼ ይመስለኛል። ቀጣሪው ደግሞ ደብዳቤውን ተቀብሎ ፋይል ከሚያደርግ ስልክ አንስቶ የቀድሞውን ሜዲካል ዳይሬክተር ይጠይቅ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው ነገር ቅጥር ላይ እንኳን የሚያልቅ አይደለም። ዋርድ ላይ ራውንድ ሲደርስ ዘበኛው «አስታማሚ ውጡ!» እያለ ሲያስወጣ ሁላችንም አይተናል። ለአዋቂ ሕመምተኛ ይሁን፤ ክፍሉ ይጠባል፣ ጫጫታ ይበዛል። ስድስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን እናቱን ለምን እናስወጣለን? ልጁን ልብሱን አስወልቀን ስንመረምር ከቤተሰብ አንድ ሰው፣ እሱ ከጠፋ ደግሞ ሌላ ባለሙያ አብሮ ይቁም። ያቺ እናት በሩን ከውጭ የዘጋችው እኛው ስላስለመድናት ይሆናል።

ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ክሊራንሱ ላይ የምትጨመር አንዲት አጭር ቅጽ አዘጋጀን። «ባለሙያው በዚህ ተቋም በሠራበት ጊዜ ከሕጻን ታካሚ ጋር በተያያዘ በጽሑፍ የቀረበበት አቤቱታ አለ? ካለ የማጣራቱ ውጤት ምን ነበር? የባለሙያው መልስ ምንድን ነው?» ይኼው ነው፣ ግማሽ ገጽ አትሞላም። ለዚያ ለሰው ኃይል ወዳጄ ወስጄ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበባት።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ማን ይፈርምበታል?»

«ሜዲካል ዳይሬክተሩ» አልኩት።

«እሱማ መጋዘኑም ላይ አይፈርም» ብሎ ሳቀ። ቅጿን ግን አልመለሰልኝም። መሳቢያውን ከፍቶ ከባዶ ክሊራንሶቹ መካከል አስገባት። በሚቀጥለው ዓመት እኔም ክሊራንስ ስሞላ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።