ቀለሙ ይቆይ፤ ግድግዳው ይቅደም

ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ጓደኞቻችን ቍጥራቸው ቀላል አይደለም። ክፍሉ ከተገኘ በኋላ የሁሉም የመጀመሪያ አሳብ አንድ ጣሳ ቀለም ገዝቶ ግድግዳውን ማሳመር ነው። ልስኑ ረግፎ፥ ግድግዳው ተሰንጥቆ፥ እግሩ ሥር ረጥቦ ቢገኝም «ቀለሙ ይሸፍነዋል» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን ቀለም ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም። ክረምት ሲገባ ቀለሙም ልስኑም ዐብረው ይወርዳሉ፤ ከተማሪ ኪስ በጭንቅ የወጣው ገንዘብም ዐብሮ ይሄዳል። እርጥብ ክፍል ውስጥ የሚያድር ሰው ደረት ደግሞ ከገንዘቡ ይበልጥ ይጐዳል። ስለዚህ የተጐዳ ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት እንዴት እንደሚጠገን ባጭሩ እናስረዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ጕዳቱ ከየት እንደ መጣ መመርመር ያስፈልጋል። እርጥበቱ ከላይ ወደ ታች የወረደ እንደ ሆነ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ወይም በተሰበረ አሸንዳ የገባ ውሀ ሊሆን ይችላል። ከታች ወደ ላይ የወጣ እንደ ሆነ ግን ከውጭ በኩል ግድግዳው ላይ አፈር ተከምሮ፥ ወይም የጣራው ፍሳሽ መሠረቱ ሥር እየተኛ ይሆናል። ውሀ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ምንጩ ሳይዘጋ ልስን ማደስ ከንቱ ድካም ነው።

ስንጥቁንም መለየት ይገባል። ጠጕር የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የተፈጠረ ስለ ሆነ አያሰጋም። ከመስኮት ማእዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድና እየሰፋ የሚሄድ ግን መሠረቱ ለመንቀሳቀሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ የስንጥቁን ጫፎች በእርሳስ አመልክቶ ቀኑን መጻፍ፥ በላዩም ቀጭን ወረቀት አጣብቆ አንድ ወር ያህል መጠበቅ ነው። ወረቀቱ ከተቀደደ ወይም ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ ነገሩ የልስን ሳይሆን የቤቱ ነውና ለአከራዩ ማስታወቅና ግንበኛ ማስጠራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ግድግዳው ከምን ተሠራ?» የሚል ነው። የረገፈውን ቦታ በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አድርገን ጭድ ያለበት አፈር ካየን፥ ቤቱ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭቃ የተመረገ ነው። ግራጫና ጠንካራ ከሆነ የሲሚንቶ ልስን ነው። ይህን ሳይለዩ መጠገን የብዙ ጥፋት ምንጭ ነው፤ ይኸውም «ሲሚንቶ ይጠነክራል» በማለት የጭቃውን ቀዳዳ በሲሚንቶ መድፈን ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል፥ የሳበውንም እርጥበት መልሶ ወደ አየር ይለቃል። ሲሚንቶ ግን ዐብሮት አይንቀሳቀስም፤ እርጥበቱንም ከኋላው ያፍነዋል። ጥቂት ቆይቶ ልክ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ግንበኞች በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲለስኑ አስቀድመው የሽቦ መረብ በምስማር የሚመቱት ሁለቱ በራሳቸው ስለማይያያዙ ነው።

የታሪክ ተማሪዎች ለዚህ የጎንደርን ምሳሌ ማስታወስ ይችላሉ። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተሠሩት የፋሲል ግቢ ሕንጻዎች በድንጋይና በኖራ የተገነቡ ናቸው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ በተደረገው እድሳት ሲሚንቶ ገባባቸው፤ በኋላ የተደረገው ጥገና ግን ወደ ኖራው ተመልሷል። ለቤተ መንግሥት የሠራ ሕግ ለኪራይ ክፍልም ይሠራል፤ ጥገናው ግድግዳውን መምሰል አለበት።

እንግዲህ ሥራው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ግድግዳውን በጣት አንጓ ማንኳኳት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ከግድግዳው ተለያይቷልና ይነሣ። አቧራው በመጥረጊያ ከተጠረገ በኋላ ቦታው ውሀ ይረጭበት፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ልስን ውሀ መጥጦ ያሰነጥቀዋልና።

2ኛ፤ ለጭቃ ግድግዳ የተነፋ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ ጥቂት ቀን ማሳደር። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ስንጥቁን ይቀንሳል። ከአንድ ጣት ውፍረት ሳያልፍ መምረግ፥ ገና ሳይደርቅ ገጹን መጫር፥ ከደረቀም በኋላ ሁለተኛውን ስስ ምርጊት መጨመር ነው።

3ኛ፤ ለሲሚንቶ ልስን 1 እጅ ሲሚንቶ ከ4 ወይም ከ5 እጅ አሸዋ ጋር ይበቃል። ከተለሰነ በኋላ ቢያንስ 3 ቀን ውሀ ማጠጣት አይረሳ።

4ኛ፤ ለምስማር ቀዳዳና ለጥቃቅን ስንጥቅ ጀሶ ይስማማል። ቶሎ ስለሚደርቅ በጥቂት በጥቂቱ ይበጥበጥ፤ እርጥበት ባለበት ቦታ ግን አይሆንም።

5ኛ፤ ሁሉ እስኪደርቅ መጠበቅ። ጠቈር ያለ ቦታ እስከታየ ድረስ ቀለም አይነካም። ለጭቃ ግድግዳ ኖራ ከዘይት ቀለም ይሻላል፤ እርጥበት ያስተነፍሳልና። ያልበረደ ኖራ ሲበጠበጥ ኖራው ወደ ውሀው ይጨመር እንጂ ውሀው ወደ ኖራው አይፍሰስ፤ ይፈላል፥ ዐይንም ያጠፋል።

ይህን ሁሉ ከመጀመራችን በፊት ከአከራያችን ጋር መነጋገር ይገባል፤ ዕቃው ከእሳቸው፥ ጕልበቱ ከእኛ ቢሆን ለሁለታችንም ይጠቅማል። ሥራውም ዝናብ ካባራ በኋላ፥ ከጥቅምት ወዲህ ቢሆን ይመረጣል።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጭቃ ያቦካልን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ምርጊት የሚያውቁ እናቶችና አባቶች በየሰፈሩ አሉ፤ አፈሩ ስንት ቀን እንደሚያድር፥ ጭዱ ምን ያህል እንደሚበቃ በእጃቸው ያውቁታል። እነሱን ጠይቆ መማር ውርደት አይደለም። ውርደቱስ የሰው እጅ የሠራውን ቤት እየኖሩበት እንዴት እንደ ቆመ አለማወቅ ነው።