ቦይለሩን ከመፍታታችሁ በፊት ቧንቧውን ዳስሱ

ብርዱ ሲጠና ጋራዥ ከሚመጡት ሥራዎች አንዱ የማይሞቅ ተጎታች ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ተጎታች ቤቶች የሚሞቁት ሙቅ አየር በሚነፋ ምድጃ ነው። ኤርስትሪምን በመሳሰሉ ውድ ተጎታቾች ላይ ግን በፈሳሽ የሚሠራ ማሞቂያ ያጋጥማል። ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው የስዊድኑ አልዴ ኮምፓክት 3020 ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ ቦይለሩ ውስጥ ያለውን የውሃና የግላይኮል ድብልቅ ያሞቃል፤ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ደግሞ ፈሳሹን በግድግዳው ዙሪያ በተዘረጋው ቧንቧ ውስጥ ያዞረዋል። አልጋና ወንበር ሥር የተገጠሙት ራዲያተሮች ሙቀቱን ለክፍሉ ይሰጣሉ።

የመኪና ራዲያተር የሚያውቅ መካኒክ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የሚቸገረው ከየት እንደሚጀምር ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ባለሙያው ቦይለሩን ከፍቶ ሰርኪዩት ቦርድ ሲያዝ ነው። ደንበኛው ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፣ ቦርዱ ይቀየራል፣ ቤቱ ግን እንደቀዘቀዘ ነው። ቦይለሩ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ እጃችሁ ነው፤ ማሞቂያውን አስነሡና ሙቀቱ የት ቦታ እንደሚያቆም በቧንቧው ላይ ተከታተሉ። ፈሳሹ ቆዳ ሊያቃጥል ስለሚችል በጓንት ወይም ፈጠን ባለ ንክኪ ይሁን።

ከቦይለሩ የሚወጣው ቧንቧ አንድ ሜትር ያህል ሞቆ ከዚያ ወዲያ ከቀዘቀዘ፣ ፓምፑም እየዞረ ከሆነ፣ ሲስተሙ አየር ይዟል። ይህን ምልክት በደንብ ያዙት፤ ስንት ቦይለር ያለ ጥፋቱ እንደሚፈታ የሚያሳየው እሱ ነው። ሲስተሙ በሚሞላበት የፈሳሽ ጋን በኩል የሚንጎራጎር ድምፅ ካለም ያው አየር ነው። ቦይለሩ አጠገብ ያለው ፈሳሽ ይግላል፣ አየር የዘጋው መስመር ግን አያሳልፈውም፤ ስለዚህ ማሞቂያው ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፣ ባለቤቱም «ቦይለሩ ተበላሸ» ይላል።

አየሩን ለማስወጣት መጀመሪያ ፓምፑን አጥፉ። ፓምፑ ሲዞር አየሩ ከፈሳሹ ጋር ስለሚንከራተት አንድ ቦታ አይሰበሰብም። ባለ አንድ አክስል ተጎታች ከሆነ የፊቱን እግር እስከሚቻለው ዝቅ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ተዉት፤ አየሩ ቀስ እያለ ወደ ከፍተኛው ቦታ ይወጣል። እዚያ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን አላሉ፤ መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ከዚያ ያልተቆራረጠ ፈሳሽ ሲወጣ አጥብቁት። ከዚያ ፊቱን ወደ ላይ አንሡና በሌላው ጫፍ ያለውን ቡሎን እንዲሁ ክፈቱ። ባለ ሁለት አክስል ከሆነ በእግሩ ብቻ በበቂ አያዘነብልም፤ ዳገት ላይ ማቆም ወይም በክሪክ ማንሣት ያስፈልጋል፣ ጎማውን በታኮ ሳትይዙ ግን አትሞክሩት። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ሞክረው «አልሆነም» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ መደጋገም ያለ ነገር ነው።

አየሩ ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም። ፈሳሹ በቅርቡ ካልተቀየረ አየሩ ከየት መጣ? ብዙውን ጊዜ ፈሳሽ ጎድሎ ነው፤ ፈሳሽ ደግሞ የሚጎድለው ሲያፈስ ነው። በባትሪ መብራት የጎማ ቱቦዎቹን መጋጠሚያ ሁሉ አንድ በአንድ እዩ። እርጥበት ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ፋሸታው ዙሪያ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ደረቅ ቅርፊት ካለ ግን ማፍሰሻው እዚያ ነው። ሲስተሙ ቀዝቅዞ ሳለ በጋኑ ላይ ያለው መጠን ከዝቅተኛው ምልክት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። እስከ አፉ አትሙሉት፤ ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል።

ስለ ፈሳሹ ራሱ ትንሽ ልቆይ፤ የሚናቀው እሱ ነውና። ግማሽ በግማሽ የሆነ የኤቲሊን ግላይኮልና የተጣራ ውሃ ድብልቅ እስከ −36 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከበረዶ ይጠብቃል። ከግማሽ በላይ ግላይኮል መጨመር የሚሻል የሚመስላቸው አሉ፤ ግን ፈሳሹ ይወፍራል፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፣ ፓምፑም ይደክማል። የተለያየ ዓይነት ፈሳሽ አትደባልቁ፤ አንዳንዱ ከሌላው ጋር ሲገናኝ እንደ ሙጫ ይረጋና መስመሩን ይዘጋል፣ ያኔ ችግሩ ከአየር የከፋ ይሆናል። ተራው ፈሳሽ በ2 ዓመት፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ደግሞ በ5 ዓመት ይቀየራል። በሪፍራክቶሜትር ለክታችሁ «ደህና ነው» እንዳትሉ፤ መሣሪያው የሚነግራችሁ የመቀዝቀዣውን ነጥብ ብቻ ነው። አሉሚኒየሙን ከመበላት የሚከላከለው ኬሚካል ማለቅ አለማለቁን አያሳይም። ያረጀ ፈሳሽ ቡናማ እየሆነ ሲሄድ ቧንቧው ከውስጥ እየተበላ ሊሆን ይችላል። ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው፤ ልጅ ወይም ውሻ ሳይደርስበት የፈሰሰውን ጥረጉ።

እስካሁን ያልነው ቦይለሩ ሲሞቅ ነው። ቦይለሩ ራሱ ቀዝቃዛ ከሆነ ወደ ኤሌክትሪኩ ሂዱ። አልዴ ባትሪው ከ10.5 ቮልት በታች ሲወርድ ማሞቂያውን ያቆማል፤ 11 ሲደርስ ራሱ ይነሣል። በምሽት የሚጠፋና ቀን ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ሲያመጣው የሚሠራ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። ቮልቱን ያረፈ ባትሪ ላይ ሳይሆን ፓምፑ እየሠራ ሳለ ቦይለሩ ጋ ባለው ተርሚናል ላይ ለኩ። ባትሪው 12.6 እያሳየ ቦይለሩ ጋ በጣም ወርዶ ከተገኘ፣ ጥፋቱ የዛገ ማሳ ወይም የላላ ሽቦ ነው።

በጋዝ አልነሣም ካለ የማብሰያ ምድጃውን እሳት ሁሉ በአንድ ላይ አብሩ። አንዱ ብቻ መብራቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ቦይለሩ ከአንድ የምድጃ እሳት ይበልጥ ጋዝ ይጠይቃል። ሲሊንደሩ በቅርቡ ከተቀየረ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፤ ደጋግሞ ማስነሣት ይፈልጋል። የሲሊንደሩን መክፈቻ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ በድንገት ሲከፈት የማያያዣው መከላከያ የጋዝ ማፍሰስ ደረሰ ብሎ ፍሰቱን ይቀንሰዋል፤ ከዚያም ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ እሳቱ ይጫጫል። አውሮፓ ውስጥ ሲሊንደሩ ቡቴን እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ ገደማ ላይ ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል፣ ፕሮፔን ግን እስከ −42 ይሠራል። የጭስ መውጫውንም እዩ፤ በረዶ ወይም የሸረሪት ድር ይዘጋዋል።

በኤሌክትሪክ ሲሠራ ብሬከሩን የሚጥል ከሆነ ሒሳቡን አስሉ፤ 2 ኪሎ ዋት በ120 ቮልት 17 አምፒር ያህል ይስባል። 15 አምፒር መስመር ላይ የሰካ ሰው ማሞቂያው አልተበላሸበትም፤ ወደ 1 ኪሎ ዋት ዝቅ ያድርገው።

ቧንቧውና ራዲያተሩ ሁሉ እየሞቀ ክፍሉ ከቀዘቀዘ ደግሞ አልጋ ሥር ተመልከቱ። አየሩ ከታች ገብቶ ከፍራሹ ኋላ ሞቆ መውጣት አለበት፤ ብርድ ልብስና ሻንጣ መንገዱን ከዘጋው ሙቀቱ እዚያው ይታፈናል።

የጋዙ መስመር መፈታት ካለበት ለፈቃድ ባለቤት ስጡት። ብሪታንያ ውስጥ የጋዝ ሥራ የጋዝ ሴፍ ምዝገባ ላለው ባለሙያ የተተወ ነው፤ በየአገራችሁ ያለውን ሕግ እወቁ። ማፍሰሱን በሳሙና ውሃ እንጂ በክብሪት አትፈትሹ። ሥራው ሲያልቅ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያውን ተጫኑና ሞክሩት፤ ዕድሜው የሚያበቃበት ቀን በራሱ ላይ ተጽፏል። ካለፈበት አዲስ ሳይገጠም ተጎታቹን ለባለቤቱ አታስረክቡ።