ቀይ መብራትና የወንድማችን ሕይወት



አምስተኛው የእግዚአብሔር ትእዛዝ ሰውን መግደልን እንደሚከለክል ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ሆኖም ይህን ትእዛዝ ስንሰማ ወደ አሳባችን የሚመጣው ጦርና ጠመንጃ፣ ቂምና በቀል ነው እንጂ መሪ የጨበጠ እጅና ነዳጅ የረገጠ እግር አይደለም። ቀይ መብራት ጥሶ ያለፈ፣ ወይም በማቋረጫ ላይ ለቆመ እግረኛ ፍሬን ያልያዘ ሰው ራሱን ደንብ ተላላፊ ብሎ ይጠራል፤ በነፍሰ ገዳይ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ ብሎ ግን አያስብም። በዚህ ትምህርታችን ይህን ጉዳይ ከሕሊና፣ ከሀገር ሕግና ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንጻር አብረን እንመረምራለን።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ፣ «ቀይ መብራት የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው፤ በጉንችሬ ለምንኖር ምን ይመለከተናል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ወደ ትምህርታችን መጨረሻ እናገኘዋለን። አስቀድመን ግን መብራቱ ስለ ምን እንደ ተተከለ እንመልከት።

1. መብራቱ ለማን ተተከለ?

የመጀመሪያው የመንገድ መብራት የተተከለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1868 በለንደን ከተማ በፓርላማው ሕንፃ አጠገብ ነው። ያን ጊዜ ገና አውቶሞቢል አልነበረም፤ መንገዱን ያጨናነቁት በፈረስ የሚጎተቱ ሠረገላዎች ነበሩ። በጋዝ የሚሠራው ቀይና አረንጓዴ ፋኖስ የተሠራበት ዋና ምክንያት በእግር የሚሄዱ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል የፓርላማው አባላት፣ ሳይረገጡ እንዲሻገሩ ነው። መብራቱን የሚያዞረው ፖሊስ ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ካገለገለ በኋላም ጋዙ ፈንድቶ ፖሊሱን አቆሰለው፤ ሥራውም ተቋረጠ። ወደ እኛ ሀገር የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1907 ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። የመንገድ መብራት ከመነሻው ሾፌርን ለማጉላላት ወይም ቅጣት ለመሰብሰብ የተፈጠረ ሳይሆን እግረኛን በሰላም ለማሻገር የተፈጠረ ነው። ለመኪናው ቀይ ሲበራ በዚያው ቅጽበት ለሌላው ወገን «አሁን ተራህ ነው፤ ሳትፈራ እለፍ» የሚል ቃል ይሰጣል። እናት ልጇን አዝላ፣ ሽማግሌው ምርኩዙን ይዞ የሚሻገሩት ይህን ቃል አምነው ነው። ቀዩን የሚጥስ ሾፌር እንግዲህ ይህን እምነት ያፈርሳል። ቢጫው ሲበራ ነዳጅ የሚጨምረውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ቢጫ በደኅና መቆም ለሚችል ሁሉ የመቆሚያ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ የእሽቅድምድም ምልክት አይደለምና።

2. ፍጥነትና የሰው ሥጋ

ብዙ ሾፌሮች «ሰው ካየሁ ፍሬን እይዛለሁ» ይላሉ። ነገሩን በቁጥር እናስላው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ደግሞ 14 ሜትር ያህል። ንቁ የሆነ ሾፌር እንኳ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልትና በደኅና ፍሬን የመጀመሪያው ተጨማሪ 5 ሜትር፣ ሁለተኛው ተጨማሪ 14 ሜትር ሄዶ ይቆማል። በጠቅላላው አንደኛው በ13 ሜትር፣ ሌላው በ28 ሜትር መቆማቸው ነው።

አንድ ሕፃን ከመኪናው ፊት በ15 ሜትር ርቀት ላይ ድንገት ወደ መንገድ ገባ እንበል። በ30 የሚነዳው ሾፌር ሕፃኑ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። በ50 የሚነዳው ግን ፍሬኑ ገና መያዝ ሲጀምር ሕፃኑ ላይ ይደርሳል፤ ማለትም የሚመታው ፍጥነቱ ምንም ያህል ሳይቀንስ ነው። ሁለቱ ሾፌሮች እኩል ደግ ሰዎች፣ እኩል የዓይን ብርሃን ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ የለያቸው ፍጥነት ብቻ ነው። በክረምት ጭቃና እርጥብ መንገድ፣ እንዲሁም ከመጠን በላይ ለተጫነ አይሱዙ ርቀቱ ከዚህም ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል የሚገጨው እግረኛ የመሞት ዕድል በአራት እጥፍ ተኩል ያድጋል።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉ ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በይፋ የተመዘገበው ሞት 4,352 ሲሆን፣ የዓለም የጤና ድርጅት ግምት ግን ከ27 ሺህ በላይ ነበር። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ የሚያሳዝን ነው፤ ከአደጋው ቀናት በኋላ በየቤቱና በየሐኪም ቤቱ የሚያርፉ፣ መዝገብም የማያውቃቸው ወገኖች እንዳሉ ያመለክታልና።

3. የሀገራችን ሕግ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰውን መግደልን ይመለከታል። ይህ አንቀጽ የሰውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለባቸውን ሰዎች ለይቶ ሲጠቅስ በምሳሌነት ያነሣው ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ሊያስገርመን አይገባም፤ የሐኪሙ ቢላዋና የሾፌሩ መሪ ሁለቱም የሌላውን ሕይወት በእጅ ያስገባሉ። እንዲህ ያለ ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። ነገር ግን ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሶ፣ ወይም ሰክሮ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎችን ገድሎ ከሆነ ቅጣቱ ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ወደሚደርስ ጽኑ እስራት ከፍ ይላል። ሕጉ እንግዲህ ድንገት የሳተውን ሰው፣ እያወቀ ከጣሰው ሰው ለይቶ ይመለከታል።

ከዚህም ሌላ የተጎዳን ሰው መርዳት እየቻሉ ጥሎ መሄድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ገጭቶ የሚያመልጥ ሾፌር ምናልባት በፍጥነት ሐኪም ዘንድ ቢደርስ ይድን የነበረውን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ይገድለዋል። በኢያሪኮ መንገድ ተደብድቦ የወደቀውን ሰው አይተው ያለፉት ሁለቱ ያቆሰሉት እነርሱ አልነበሩም (ሉቃ. 10፥30-32)፤ እንዲህም ሆኖ ጌታችን ማለፋቸውን አላመሰገነም። ራሱ አቁስሎ የሚያልፍማ እንዴት ይሆን?

4. ቅዱሳት መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

በኦሪት ዘጸአት 21፥28-29 ስለ ተዋጊ በሬ የተሰጠ ሕግ አለ። በሬው ከዚህ በፊት ተዋግቶ የማያውቅ ከሆነና ሰው ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በሬው ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳያስረው ቢቀርና ሰው ቢገድል፣ ደሙ በባለቤቱ ላይ ነው። ከብት የምናረባ ሁላችን ይህን ፍርድ ያለ አስተርጓሚ እንረዳዋለን። ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ መኪናውን ወደ መንገድ የሚያወጣ ባለንብረት፣ ቀይ መብራት ሰውን እንደሚጠብቅ እያወቀ የሚጥስ ሾፌር፣ ሁለቱም ተዋጊ በሬያቸውን ፈትተው የለቀቁ ናቸው።

በኦሪት ዘዳግም 22፥8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ማንም ወድቆ እንዳይሞት ዙሪያውን መከታ እንዲሠራለት ታዟል። በዚህ ትእዛዝ ገና የሞተ ሰው የለም፤ እግዚአብሔር የሚጠይቀው አስቀድሞ መጠንቀቅን ነው። ስለዚህ «ማንንም አልገጨሁም» ማለት ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም። ወንድሙን በሞት አፋፍ ላይ ያቆመ ሰው ወንድሙ በዕድል ቢተርፍም ከበደል አያመልጥም።

2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 ባጸደቀው «ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም» በተሰኘው ሰነድ በቁጥር 30 የፍጥነትን ወሰን የሚመለከቱ ሕጎችን አቅልለው የሚያዩ ሰዎች የራሳቸውንና የሌላውን ሕይወት ለአደጋ እንደሚያጋልጡ አስገንዝቧል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2290 በስካር ወይም በፍጥነት ፍቅር የራስንና የሌሎችን ደኅንነት በመንገድ ላይ አደጋ ላይ መጣል ከባድ በደል መሆኑን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የስደተኞችንና የተጓዦችን ሐዋርያዊ አገልግሎት የሚመለከተው ጳጳሳዊ ምክር ቤት ስለ መንገድ ባወጣው መመሪያ ለሾፌሮች ዐሥር ትእዛዛትን አዘጋጅቷል፤ ከእነርሱም አንዱ በመንገድ ላይ ደካማ የሆነውን ወገን መጠበቅን የሚያዝዝ ነው። በመንገድ ላይ ደካማው ማን ነው? ብረት ያልለበሰው እግረኛ ነው።

5. ጀፎረና የአባቶቻችን መንገድ

አሁን ወደ አንባቢያችን ጥያቄ እንመለስ። መብራት በሌለበት ሕጉ ይቀራልን? ለዚህ መልስ የሚሰጠን የገዛ ባህላችን ነው። የጉራጌ መንደር ቤቶች ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ጀፎረ ነው፤ ይህም ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ መንገድ ነው። በጀፎረ ላይ ሕፃናት ይጫወታሉ፣ ከብት ይነዳል፣ መስቀል ይከበራል፣ ሠርገኛ ይቀበላል፣ ሙት ይሸኛል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ማንም አጥሩን ገፍቶ ከጀፎረ አንድ ክንድ እንዳይወስድ ያገደው የተተከለ ምልክት ወይም ዘወትር የሚጠብቅ ፖሊስ ሳይሆን በሕዝቡ ልብ ያደረ ሕግ ነው። አባቶቻችን መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ የሰው መሆኑን ያውቁ ነበር። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተወሰኑ እሑዶች ዋና ዋና ጎዳናዎችን ከመኪና ነጻ ማድረግ ስትጀምር፣ ለእኛ አሳቡ እንግዳ አልነበረም።

የመኪናውንም መንገድ ቢሆን በቀላሉ አላገኘነውም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር መሥርተው ከትንሽ ገቢያቸው እያዋጡ ወደ ትውልድ ሀገራቸው መንገድ አስወጥተዋል። ያን ያደረጉት ሸቀጥ እንዲመላለስ፣ ልጅ እንዲማር፣ በወሊድ የተጨነቀች እናትም በቃሬዛ ላይ እንዳትቀር ነው። ሕይወት እንዲያድን በተዋጣ መንገድ ላይ ሕይወት ሲጠፋ የአባቶቻችን ድካም ይሰደባል።

6. የምናቀርባቸው ምክንያቶች

«ትራፊክ ፖሊስ አልነበረም» ይባላል። ትራፊክ ፖሊስ ባይኖርም እግረኛው ነበረ። «እግረኛው ያለ ቦታው ተሻገረ» ይባላል። ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ የስሕተት ዋጋ ግን ሞት መሆን የለበትም። በገበያ ቀን ቆጮና እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ጎንበስ ብላ የምትሄድ እናት ዞራ ለማየት እንኳ አትችልም፤ ማየት የሚገባው ሾፌሩ ነው። «ገቢ ማስገባት አለብኝ» ይባላል። እውነት ነው፤ ስለዚህ በቀን ይህን ያህል ካላመጣህ ብሎ ሾፌሩን የሚያስጨንቀው ባለንብረት፣ «ንዳው እንጂ!» እያለ የሚያቻኩለው ተሳፋሪም ከኃላፊነቱ ድርሻ አላቸው።

ከሁሉ የከፋው «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ነው። በለቅሶ ቤት ይህን ቃል ለማጽናናት እንናገረዋለን፤ ሐዘንተኛውንም ያሳርፈው ይሆናል። ነገር ግን ጥፋትን ለመሸፈን ስንጠቀምበት በሾፌሩ እግር የተሠራውን በእግዚአብሔር ላይ መጫናችን ነው። እንደዚሁም የሽማግሌዎች ዕርቅ ታላቅ ጸጋ ነው፤ በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ሥርዓት ስንኮራ የኖርነውም ስለዚህ ነው። ዕርቅ ግን ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ መድኃኒት ነው፤ የሞተውንም አያስነሣም።

7. ምን እናድርግ?

ሾፌሮች በማቋረጫ፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አጠገብ፣ በገበያም ቀን መብራት ኖረም አልኖረም ፍጥነታቸውን ይቀንሱ። ባጃጅና ሞተር የሚነዱ ወጣቶችም ይህ ሕግ ለትልልቅ መኪና ብቻ ነው አይበሉ። ተሳፋሪዎች ሾፌሩን ከማቻኮል ይልቅ «ቀስ በል፤ እንደርሳለን» የማለት ድፍረት ይኑረን። በተለይ ለመስቀልና ለአረፋ በዓል ከአዲስ አበባና ከየከተማው በብዛት ወደ ሀገር ቤት በምንገባበት ጊዜ ይህ ቃል የሰው ነፍስ ያድናል። እግረኞች የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራ ጠርዝ ይዘን ከፊት የሚመጣውን መኪና እያየን እንሂድ፤ ሌሊት ለማሕሌትና ለቅዳሴ ስንወጣ ነጭ ልብስ ከላይ እንደርብ፤ ሕፃናትን እጃቸውን ይዘን እናሻግር። ቁምስናዎችና ዕድሮችም የአካባቢያቸውን አደገኛ ቦታዎች ለይተው ለከተማው አስተዳደር ቢያመለክቱ መልካም ነው።

ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂው አይደለሁም አለ (ዘፍ. 4፥9)። መሪ የጨበጠ ሰው ግን ይህን ሊል አይችልም፤ መሪውን በጨበጠ ሰዓት ከፊቱ የሚሻገረው ሁሉ ጠባቂ ሆኗልና። ቀይ መብራቱ ይህንኑ ያስታውሰዋል፤ መብራት በሌለበትም ሕሊናው ያስታውሰው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን እግረኞች ለአደጋ የሚጋለጡበት ቦታና ሰዓት የትኛው ነው? ማንስ ምን ሊያደርግ ይችላል?

2. ስለ ተዋጊ በሬ የተሰጠውን ሕግ (ዘጸ. 21፥28-29) ለመኪና ባለንብረት፣ ለሾፌርና ለተሳፋሪ እንዴት እንተረጉመዋለን?

3. «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል መቼ ያጽናናል? መቼስ ጥፋትን ይሸፍናል?

4. ከጀፎረ ሥርዓት ለዛሬው የመኪና መንገድ ምን እንማራለን?