መሠረት ሳይሸፈን፦ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለሚጨመሩ ቤቶችና መጠለያዎች የአርማታ መሠረት አጣጣል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን ስለ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች የተናገረውን ምሳሌ ቅዱስ ማቴዎስም ቅዱስ ሉቃስም ጽፈውታል (ማቴ. 7፥24-27፤ ሉቃ. 6፥47-49)። ቅዱስ ማቴዎስ ዓለቱንና አሸዋውን ሲያነጻጽር፣ ቅዱስ ሉቃስ ደግሞ የመጀመሪያው ሰው መሬቱን ቆፍሮና አጥልቆ እስከ ዓለቱ እንደ ወረደ ይነግረናል። ሁለቱ ቤቶች ከመሬት በላይ በመልክ ይለያዩ እንደ ነበር ወንጌሉ አይናገርም። ልዩነታቸው የነበረው ከሥር ነው፤ የገለጠውም ጎርፉ ነው።

በዚህ ዕትም ስለ መሠረት የምንጽፈው በየአጥቢያው ብዙ ሥራ ስለሚሠራ ነው። ቤተልሔም ይታደሳል፤ ዕቃ ቤት ይሰፋል፤ ለአብነት ተማሪዎች ማደሪያ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ለምእመናን የፀሐይና የዝናብ መጠለያ ይተከላል። ገንዘቡ የሚገኘው ከዐሥራት፣ ከስእለትና ከሙዳየ ምጽዋት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተበላሸን ሥራ ሁለተኛ ለመሥራት የምናወጣው ብር ከድኻው እጅ ዳግመኛ የምንወስደው ብር ነው።

የተማርንበት አንድ ሥራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመረሬ አፈር ላይ በምትገኝ አንዲት የገጠር አጥቢያ ለአብነት ተማሪዎች ሁለት የማደሪያ ክፍሎች ከነባሩ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ጋር ተያይዘው ተሠሩ። ምእመናኑ ድንጋዩንና አሸዋውን በሸክምና በአህያ አቀረቡ። እኛም የሥራውን ሪፖርት ተቀብለን ክፍያውን በወረቀት አጸደቅን። የመሠረቱ ጉድጓድ ክፍት በነበረበት ዕለት ግን ከኮሚቴውም ሆነ ከእኛ ወገን በቦታው ቆሞ ያየ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ አዲሱ ግንብ ከነባሩ ተላቀቀ፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ፤ በሩም አልዘጋ አለ። ተማሪዎቹ ወደ ቀድሞ ጎጇቸው ተመለሱ። አንዱን ጥግ ስናስቆፍር በውሉ ላይ 1 ሜትር ተኩል የተባለው መሠረት ከ60 ሴንቲ ሜትር አላለፈም ነበር። ግንበኛውን ብቻ መውቀስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን እኛም ያላየነውን ፈርመናል። ይህ ትምህርት የተጻፈው ሌላ አጥቢያ በዚያው መንገድ እንዳያልፍ ነው።

ግድግዳ ቢጣመም በማናቸውም ቀን ይታያል፤ ጣሪያም ቢያፈስ በመጀመሪያው ዝናብ ይታወቃል። መሠረት ግን የሚታየው ኮንክሪት እስኪፈስበትና አፈር እስኪመለስበት ድረስ ብቻ ነው።

ከመቆፈር አስቀድሞ

አንደኛ፣ ፈቃድ። ሥራው መቅደሱን የሚነካ ወይም የሚጠጋ ከሆነ የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ይቅደም፤ የአካባቢው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድም እንዲሁ። ጥንታዊ በሆኑ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ስለሚጠብቅ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ዕውቅና ቁፋሮ መጀመር አይገባም። በቁፋሮ መካከል ጥንታዊ ዕቃ ቢገኝ ሥራው ይቁም፤ ለሚመለከተው አካልም ይነገር።

ሁለተኛ፣ መካነ መቃብር። ቅጥራችን የአባቶቻችን ማረፊያ ነው። ቦታው ከመመረጡ በፊት የዕድሜ ባለጸጎችን መጠየቅና ምልክት የሌላቸውን መቃብሮች ማወቅ ያስፈልጋል። አፅም ከተገኘ ቁፋሮው ቆሞ ለደብሩ አስተዳዳሪ ይነገር፤ ጸሎቱና የሚቀጥለው ውሳኔ የእርሳቸውና የካህናቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ዛፍ። ትልልቅ የጽድና የወይራ ዛፎች በበጋ ከሥራቸው ያለውን እርጥበት ስለሚስቡ በሸክላማ አፈር ላይ አጠገባቸው የተሠራ ቤት ይሰጥማል። መፍትሔው ዛፉን መቁረጥ ሳይሆን ቤቱን ማራቅ ነው።

አፈሩን ማወቅ

በብርድ አገሮች የመሠረት ጥልቀት የሚለካው መሬቱ ቀዝቅዞ በሚያብጥበት መጠን ነው። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ሜዳዎች፣ በበቾ፣ በአድዓ፣ በፎገራና በመሳሰሉት፣ መሬቱን የሚያሳብጠው ውሃ ነው። መረሬ፣ በአንዳንድ አካባቢ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር፣ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። በየዓመቱም ቤቱን ጥቂት ያነሣዋል፣ ጥቂት ይለቀዋል። ይህ እንቅስቃሴ ከላይ ብርቱ ሲሆን ወደ ታች በተወረደ መጠን ይቀንሳል።

ስለዚህ ሥራው ከሚያርፍበት ቦታ ቢያንስ በሁለት ጥግ 2 ሜትር ያህል የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር። ጠርዙ እንዳይናድ ሰፋ ብሎ በደረጃ ይቆፈር፤ ሰው ብቻውን አይግባበት፤ ሌሊትም ክፍት አይደር። ከየጥልቀቱ የወጣው አፈር ለየብቻ ይከመር። ጥቂቱን አርጥቦ በመዳፍ ሲያሹት ሳይበጠስ እንደ ቀጭን ክር የሚረዝም፣ ሲደርቅም እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ከሆነ ሸክላው ብዙ ነው።

መረሬው 2 ሜትር ሳይሞላ ካለቀ ሙሉ በሙሉ አልፎ ጠንካራውን ቀይ አፈር ወይም ድንጋዩን መያዝ ይገባል። ከዚያ በላይ ከወረደ ውሳኔው የመሐንዲስ ነው። በጠንካራ ቀይ አፈር ላይም ቢሆን ለቀላል ቤት ከ1 ሜትር ያነሰ ጥልቀት አንመክርም።

በአክሱም ወድቆ የተሰበረው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት አለው። አጥኚዎች ለመውደቁ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ወደ መሬት የገባው ክፍሉ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር መሆኑ ነው። ያን ድንጋይ ጠርበው ያመጡት ሰዎች ጥበብ አልጎደላቸውም፤ ከላይ ያለው ጥበብ ግን ከሥር የጎደለውን አይተካም።

ስፋቱ ከጎረቤት አይቀዳም

«የእገሌ ደብር በዚህ ልክ ሠርቶ ቆሞለታል» የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

አንድ ዓምድ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ የሶሌታ ድርሻ ይሸከማል እንበል፤ ይህም 16 ካሬ ሜትር ነው። ከነሰውና ከነዕቃው በካሬ ሜትር 1 ቶን ብንገምት ዓምዱ 16 ቶን ይወርድበታል። መሬቱ በካሬ ሜትር 20 ቶን የሚችል ከሆነ 0.8 ካሬ ሜትር፣ ማለትም በየጎኑ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የመሠረት መርገጫ ይበቃዋል። መሬቱ 10 ቶን ብቻ የሚችል ከሆነ ግን ለዚያው ዓምድ በየጎኑ 1.30 ሜትር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የቆርቆሮ መጠለያ ነው። እዚህ የሚያሰጋው ክብደት ሳይሆን ነፋስ ነው። ዙሪያው ክፍት በሆነ መጠለያ ነፋሱ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ወደ ላይ ቢያነሣ፣ 16 ካሬ ሜትር የሚይዝ አንድ ምሰሶ በ800 ኪሎ ይሳባል። የቆርቆሮውና የብረቱ ክብደት 160 ኪሎ ቢሆን መሠረቱ 640 ኪሎ መያዝ አለበት። በሦስቱም ልኩ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት መሠረት 520 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሚመዝን አይበቃም። ጎንና ጎኑ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን 920 ኪሎ ያህል ይሆናል። በንግሥ በዓል ቀን ከሥሩ የሚጠለለውን ሕዝብ ስናስብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

እነዚህ ቁጥሮች ማስተማሪያ ናቸው፤ የየአጥቢያውን ልክ መሐንዲስ ይወስናል።

ከነባሩ ጎን ሲሠራ

ነባሩ ሕንፃ ለዓመታት ተቀምጦ መሬቱን ረግጦ ጨርሷል፤ አዲሱ ግን ገና ይወርዳል። ሁለቱን በአንድ ግንብ ማያያዝ አንዱ በሌላው እንዲቀደድ ማድረግ ነው። ስለዚህ አዲሱ በራሱ ዓምድና በራሱ መሠረት ይቁም፤ በመካከላቸውም ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ክፍተቱ ዝናብ እንዳያስገባ በቆርቆሮ ይሸፈን።

ከነባሩ መሠረት አጠገብ ከእርሱ ይልቅ ጠልቆ መቆፈር አደገኛ ነው፤ የቆመበትን አፈር ያሸሸዋል። ቢቻል አዲሱን ዓምድ ማራቅ ይሻላል። ካልተቻለ በመሐንዲስ ቁጥጥር ሥር በአጫጭር ክፍል እየተቆፈረ፣ አንዱ ተሞልቶ ሳይጠነክር ቀጣዩ ሳይነካ ይሠራ።

ኮንክሪቱ

ቁፋሮው ከመስቀል በኋላ መሬቱ ሲጠነክር ቢጀመር፣ መሠረቱም ከሰኔ በፊት ቢያልቅ መልካም ነው። ጉድጓዱ እንደ ተጠናቀቀ ወለሉ በዚያው ቀን 5 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ስስ ኮንክሪት ይሸፈን፤ አፈሩ እንዳይደርቅና ዝናብ እንዳይጠጣ ይጠብቀዋል። በጭቃ ወይም በቆመ ውሃ ላይ ኮንክሪት አይፈስስም።

ፌሮው በቀጥታ መሬት ላይ አይተኛ። ከሲሚንቶ በተሠሩ 5 ሴንቲ ሜትር ድጋፎች ላይ ይቀመጥ፤ የእንጨት ስብርባሪ ድጋፍ ይበሰብሳል። የዓምዱ ፌሮ ከታችኛው መረብ ጋር በሽቦ ይታሰር።

ለአርማታው 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋና 3 እጅ ጠጠር የተለመደ ልክ ነው። መለኪያው አካፋ ሳይሆን ሳጥን ይሁን፤ ውስጡ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። ለአንድ ከረጢት ውሃው ከአንድ ባለ 25 ሊትር ጄሪካን አይለፍ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነስ። ለማፍሰስ እንዲቀል ተብሎ የሚጨመር ውሃ ጥንካሬውን ይቀንሳል።

አሸዋውን ለመፈተን ጥቂት በመስተዋት ጠርሙስ ከውሃ ጋር አናውጦ ማሳደር ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ደለል ከተቀመጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይለወጥ።

አንዱ መርገጫ በአንድ ጊዜ ይሞላ፤ በቫይብሬተር ወይም በብረት ዘንግ በሚገባ ይጠቅጠቅ። ከዚያም ቢያንስ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ። በመካከል በዓል ቢውል ሥራው ይቆማል፤ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ግን አስቀድሞ ይመደብ።

በመጨረሻም የተቆፈረውን መረሬ መልሶ መሙላት አይገባም። በተመረጠ አፈር በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። በመረሬ መካከል ቀይ አሽ ወይም ጠጠር ብቻ መሙላትም ውሃ እንደ ኩሬ ያጠራቅማል። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተይዞ በቦይ ከቤቱ ይራቅ።

የማየቱ ቀን

ይህን ሁሉ ሰበካ ጉባኤው ራሱ ሊሠራው አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ማየት ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ «ኮሚቴው አይቶ ሳይፈርም ኮንክሪት አይፈስስም» የሚል አንቀጽ ይግባ። በዕለቱ አስተዳዳሪው ወይም ወኪላቸው፣ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች፣ ባለሙያውና ግንበኛው በጉድጓዱ አፍ ይቁሙ፤ የሚከተሉትንም ይመልከቱ፦

1. ጥልቀቱና ስፋቱ በሜትር ተለክቶ ከፕላኑ ጋር መስማማቱን፤
2. ወለሉ ጠንካራ፣ ደረቅና ከልቅ አፈር የጸዳ መሆኑን፤
3. የፌሮው ውፍረትና ቁጥር እንደ ፕላኑ መሆኑን፣ በድጋፍ ላይ መቀመጡን፤
4. ሲሚንቶው፣ የታጠበው አሸዋ፣ ጠጠሩና መለኪያ ሳጥኑ በቦታው መኖራቸውን፤
5. ከነባሩ ሕንፃ የተተወው ክፍተት መጠበቁን።

ሜትሩ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ክፍያውም ከዚህ በኋላ ይሁን። ቁፋሮው በጥቅል ዋጋ ሳይሆን በሜትር ኩብ ተለክቶ ቢከፈል ደግሞ ይሻላል። በጥቅል ዋጋ የተዋዋለ ግንበኛ በጠለቀ ቁጥር ይከስራል፤ በልኬት የተዋዋለ ግን የላቡን ያገኛል። ሠራተኛውን ከፈተና መጠበቅም የእኛ ድርሻ ነው።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ሊያሰላ እንደሚገባው አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28-30)። ለመሠረት የሚወጣው ገንዘብ ለምርቃት ቀን ጌጥ አይሆንም፤ እንግዳም አያደንቀውም። ከላይ በጠቀስናት አጥቢያ ግን ማደሪያው እንደ ገና ሲሠራ አንድ አረጋዊ ካህን በየማለዳው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው በመቋሚያቸው ጥልቀቱን ይለኩ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቹ በዚያ ቤት ያድራሉ።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን በቅርቡ የተሠራ መሠረት ከመሸፈኑ በፊት ማን አየው? የተጻፈ ማስረጃስ አለን?
2. በቅጥራችን ምልክት የሌላቸው መቃብሮች የት እንዳሉ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች እነማን ናቸው? የሚያውቁትን መዝግበናል?
3. የምንሠራበት አፈር መረሬ ነው ወይስ ቀይ? በምን አረጋገጥን?
4. ቀጣዩን ውል ስንዋዋል የትኛውን አንቀጽ እንጨምራለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።