ከአንጀት ሕዋስ እንቁራሪት ትገኛለችን?

የሥነ ሕይወት ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ያጠናል። ይኸውም በአንድ እንስሳ አካል ውስጥ የሚገኙ ሕዋሳት፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ ሁሉም ተመሳሳይ የዘረ መል ስብስብ አላቸው የሚል ነው። የጉበት ሕዋስ የዓይንን መመሪያ፣ የዓይን ሕዋስም የጉበትን መመሪያ ይዞ ይኖራል፤ የማይጠቀምበትን ግን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ዐረፍተ ነገሩ በፈተና ወረቀት ላይ ሲሰፍር ቀላል ይመስላል። እውነት መሆኑን ለማሳየት ግን ከሰባ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር አስፈልጓል፤ ከዋነኞቹ ማስረጃዎች አንዱም የተገኘው ከእንቁራሪት ነው። በዚህ ጽሑፍ ማስረጃው እንዴት እንደተገኘና ተመራማሪው ራሱን ከስሕተት የጠበቀበትን ዘዴ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአማርኛ የእንቁላል አስኳልም የሕዋስ አስኳልም አንድ ስም ስላላቸው፣ እንዳያደናግረን የሕዋሱን ኒውክለስ እያልን እንጠራዋለን።

ለምን እንቁራሪት?

ምክንያቱ በይበልጥ እንቁላሏ ነው። በቤተ ሙከራ እጅግ የተለመደችው ባለ ጥፍሯ የአፍሪካ እንቁራሪት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ዜኖፐስ ሌቪስ፣ የምትጥለው እንቁላል ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ዲያሜትር አለው፤ ይህም ከሰው እንቁላል ዐሥር እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ በቀጭን መርፌ ሊወጋም ይችላል። ከወንዴው ዘር ጋር የሚገናኘው በማኅፀን ሳይሆን በውኃ ውስጥ በመሆኑ ዕድገቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ በተመልካች ዓይን ፊት ይካሄዳል። በ23 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የመጀመሪያው ክፍፍል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ እየተከፈለ በሰባት ሰዓት ውስጥ አራት ሺህ ያህል ሕዋሳት ይሆናል። በጥቂት ቀናት ውስጥም በጭራዋ የምትዋኝ እጭ ትሆናለች።

ይሁን እንጂ ይህች እንቁራሪት በዓለም ላይ የተሠራጨችው በሌላ ምክንያት ነበር። በ1930 ገደማ በኬፕታውን ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ላንስሎት ሆግበን፣ ከበሬ የፒቱታሪ ዕጢ የተገኘ ንጥረ ነገር ስትወጋ እንቁላል እንደምትጥል አስተዋለ። በነፍሰ ጡር ሴት ሽንት ውስጥ የሚገኘው ሆርሞንም ይህንኑ ያደርጋል። ስለሆነም የሴት ሽንት የተወጋች እንቁራሪት በሰዓታት ውስጥ እንቁላል ከጣለች ሴቲቱ አርግዛለች ማለት ሆነ። ለዚሁ ምርመራ ያገለግሉ የነበሩት አይጦችና ጥንቸሎች ውጤቱን ለማየት መገደል ነበረባቸው፤ እንቁራሪቷ ግን ሳትሞት ደጋግማ ታገለግል ነበር። ኬሚካላዊው ምርመራ በ1960ዎቹ እስኪተካት ድረስ በሺዎች እየተጫነች ወደ ውጭ አገር ተልካለች። ለፅንስ ተመራማሪዎች ይህ ትልቅ ዕድል ነበር፤ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ እንቁራሪቶች እንቁላል የሚጥሉት በዓመት አንድ ወቅት ሲሆን፣ እርሷ ግን ሆርሞን በተወጋች ጊዜ ሁሉ ትሰጣለች።

የዜኖፐስ ወገን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ብቻ ነው። በአገራችን ደጋዎችም ዜኖፐስ ክሊቪ እና ዜኖፐስ ላርጌኒ የተባሉ ዘመዶቿ ይኖራሉ፤ ሁለተኛዋ ስም ያገኘችው በ1995 ሲሆን ከኢትዮጵያ ውጭ አትታወቅም።

አሮጌው ክርክር

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀርመናዊው አውጉስት ቫይስማን ሕዋሳት እየተከፋፈሉና እየተለያዩ ሲሄዱ የውርስ ቅንጣቶቻቸውን እየተካፈሉ ይሄዳሉ ብሎ አስተማረ። በእርሱ አስተሳሰብ የጡንቻ ሕዋስ የጡንቻን ድርሻ ብቻ ይይዛል፤ ሌላው ጠፍቶበታል። በ1888 ቪልሄልም ሩ ለሁለት የተከፈለ የእንቁራሪት ፅንስ ወስዶ አንዱን ሕዋስ በጋለ መርፌ ገደለው። ከተረፈው ሕዋስ የወጣው ግማሽ ፅንስ ብቻ ነበር። ማስረጃው ጉዳዩን የቋጨው መሰለ። ኋላ ግን የተገደለው ሕዋስ እንዲወገድ ሲደረግ የተረፈው ሙሉ ፅንስ እንደሚሆን ታየ፤ ሩን ያሳሳተው ተጣብቆ የቀረው በድን ነበር።

ይህም ቢሆን የሚያሳየው ስለ መጀመሪያዎቹ ሕዋሳት ብቻ ነው። ሥራቸውን ለይተው ስለያዙት የአንጀትና የቆዳ ሕዋሳት ምን ማለት እንችላለን? ጥያቄውን የሚፈታው ሙከራ በሐሳብ ደረጃ ግልጽ ነው፤ ከእንቁላሉ የራሱን ኒውክለስ አውጥቶ በምትኩ ከበሰለ ሕዋስ የተወሰደ ኒውክለስ ማስገባት፣ ከዚያም የሚሆነውን መጠበቅ። በ1952 ሮበርት ብሪግስና ቶማስ ኪንግ በፊላደልፊያ ይህን በአሜሪካዊት እንቁራሪት ላይ ፈጸሙ። ከለጋ ፅንስ የተወሰዱት ኒውክለሶች እጭ አስገኙ። ዕድሜው ከገፋ ፅንስ የተወሰዱት ግን አብዛኞቹ ከሸፉ። ሁለቱ ሊቃውንት በዚህ ተነሥተው ኒውክለሱ ከጊዜ ጋር የማይመለስ ለውጥ ይደርስበታል ወደሚል ድምዳሜ አዘነበሉ።

የአንድ ነጥብ ምስክርነት

በኦክስፎርድ በሚካኤል ፊሽበርግ ሥር ይማር የነበረው ጆን ጉርደን ይህንኑ ሙከራ በዜኖፐስ ላይ ጀመረ። የመጀመሪያው እንቅፋት በእንቁላሉ ዙሪያ ያለው ዝልግልግ ሽፋን ነበር፤ ቀጭኑን የብርጭቆ ቧንቧ አላስገባ ይላል። የእንቁላሉን ክሮሞዞሞች ለማጥፋት የተጠቀመበት የአልትራቫዮሌት ጨረር ሽፋኑንም አላልቶ ሰጠው። እንዲህ ያለው መልካም አጋጣሚ በምርምር ታሪክ ሁልጊዜ አይገኝም።

የከበደው ግን ሌላ ነው። እጭ ተገኘች እንበል። ጨረሩ የእንቁላሉን ኒውክለስ በትክክል ሳያጠፋው ቀርቶ እጯ ከዚያ ተገኝታ ቢሆንስ? ተጠራጣሪ አንባቢ ይህን መጠየቁ አይቀርም፤ በእኛ እምነት የሙከራው ውበት ያለውም ለዚህ በተሰጠው መልስ ላይ ነው። በዚያው ቤተ ሙከራ ከተለመደው የተለየች አንዲት እንቁራሪት ተገኝታ ነበር። በጤናማ እንቁራሪት ሕዋስ ኒውክለስ ውስጥ ሁለት ኑክሊዮለሶች፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ጥቁር ነጥብ መስለው የሚታዩ አካላት አሉ። በዚህች እንቁራሪት ሕዋሳት ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ ጠባዩም ወደ ልጆቿ ይወረሳል። ጉርደን ኒውክለሱን ባለ አንድ ነጥብ ከሆኑት፣ እንቁላሉን ደግሞ ባለ ሁለት ነጥብ ከሆኑት ወሰደ። የተገኘችው እጭ ባለ አንድ ነጥብ ከሆነች አባትም እናትም የሆናት የአንጀት ሕዋሱ ኒውክለስ ነው፤ ባለ ሁለት ከሆነች ሙከራው ከሽፏል።

በ1962 የታተመው ውጤት እነሆ፦ ምግብ መብላት ከጀመሩ እጮች አንጀት 726 ኒውክለሶች ተዛውረው 10 ጤናማ እጮች ተገኙ። በ1966ም በዚህ መንገድ ዘር ማፍራት የቻሉ ሙሉ እንቁራሪቶች መገኘታቸው ተገለጸ። ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ብቻ መሆኑ አንዳንዶችን አላሳመነም፤ ምናልባት በአንጀቱ ውስጥ ተደብቀው የነበሩ ያልተለዩ ሕዋሳት ይሆናሉ ተባለ። ተቃውሞው ተገቢ ነበር። በ1975 ጉርደንና ባልደረቦቹ ከጎለመሰች እንቁራሪት የቆዳ ሕዋስ እጮችን አገኙ፤ እነዚያ እጮች ግን ወደ ሙሉ እንቁራሪት አላደጉም። በጡት አጥቢዎች ዶሊ የተባለችው በግ በ1996 ተወለደች፤ በ2006 ሺንያ ያማናካ የአይጥን ሕዋስ ያለ እንቁላል ወደ ለጋነት መለሰ። ጉርደንና ያማናካ በ2012 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ያች ነጥብ ከምልክትነት ያለፈ ጥቅምም ሰጥታለች። ሁለት ባለ አንድ ነጥብ እንቁራሪቶች ሲዳቀሉ፣ በሜንዴል ሕግ መሠረት ከልጆቻቸው ሩቡ ምንም ኑክሊዮለስ አይኖራቸውም፤ እነዚህ በእጭነታቸው ይሞታሉ። በ1964 ዶናልድ ብራውንና ጉርደን እነዚህ ፅንሶች አዲስ የራይቦዞም አር.ኤን.ኤ. እንደማይሠሩ አሳዩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚኖሩት እናቲቱ በእንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችላቸው ራይቦዞሞች ነው። የራይቦዞም አር.ኤን.ኤ. ዘረ መሎች ከኑክሊዮለስ ጋር የተያያዙ መሆናቸው በዚህ ተጠናከረ።

ዜኖፐስ ሌቪስ ለዘረ መል ጥናት ጉድለት እንዳለባት መሰወር አይገባም። ከሁለት ጥንታዊ ዝርያዎች መዳቀል የተገኘች በመሆኗ ብዙዎቹ ዘረ መሎቿ ተደራርበዋል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል። ለአቅመ ዘር እስክትደርስም አንድ ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ትወስዳለች። ስለዚህ ባለ 36 ክሮሞዞሟን ሌቪስን ትተው ባለ 20 ክሮሞዞሟን የምዕራብ አፍሪካ ዘመዷን ዜኖፐስ ትሮፒካሊስን የመረጡ ብዙዎች ናቸው። የትሮፒካሊስ ሙሉ የዘረ መል ንባብ በ2010፣ የሌቪስ ደግሞ በ2016 ታትሟል።

ከ726ቱ ውስጥ 10ሩን ስንቆጥር የቀሩትን 716 አንርሳ። ዘረ መሉ ሁሉ በውስጣቸው ካለ ለምን ከሸፉ? ኒውክለሱ ወደ እንቁላል ቢገባም የቀድሞ ሥራውን የሚያስታውስ ይመስላል፤ በአንጀት ሕዋስ ክፍት የነበሩት ዘረ መሎች በአዲሱ ፅንስ ውስጥ ባልተፈለጉበት ቦታ ክፍት ሆነው ይገኛሉ። ይህን ትዝታ ከሚጠብቁት መካከል ዲ.ኤን.ኤ. የሚጠቀለልባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖችና በእነርሱ ላይ የሚለጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶች ይገኙባቸዋል። ምልክቶቹን በመፋቅ የስኬቱን መጠን ከፍ ለማድረግ የሚደረገው ጥረት ዛሬም በዚያችው እንቁላል ላይ ይካሄዳል።