እግር ሲቆስል፣ ልብ ሲዝል
(ለጾመ ነቢያት የተዘጋጀ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ይህ ጾም ኅዳር 15 ቀን ገብቶ የጌታችን ልደት ሲከበር ይፈታል። ነቢያት የአዳኙን መምጣት እየጠበቁ የጾሙትን እናስብበታለን። በአገራችን ደግሞ ይህ ጾም የመንገድም ጾም ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በጣና ዙሪያ፣ በሸዋና በወሎ ብዙ ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ በትሩን ይዞ ልደትን በላሊበላ ለማክበር በእግሩ ይነሣል። አንዳንዱ ስለት አለበት፣ አንዳንዱ ምስጋና፣ አንዳንዱም ለማንም ያልነገረው ጭንቀት።

ሲነሡ ሁሉም ደስ ይለዋል። ችግሩ የሚመጣው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው። እግር ውኃ ይቋጥራል፣ ተረከዝ ይላጣል፣ ማታ ላይ ደግሞ «ምን አስቤ ነው የመጣሁት?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህ ትምህርት ስለዚያ ቀን ነው። ለሚሄደው ብቻ ሳይሆን ቤቱ ለሚቀረውም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የሕይወት መንገድም ሦስተኛ ቀን አለው።

፩. መንገዱን እንወቀው

ከእንፍራንዝ የሚነሣ ተሳላሚን እናስብ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገረውን የጉዛራን ግንብ ትቶ በይፋግ፣ በአዲስ ዘመን አድርጎ ወረታ ይደርሳል። ከዚያ ጣናን ከኋላው ትቶ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ደብረ ታቦር፣ የጉና ግርጌ፣ ንፋስ መውጫ፣ ጨጨሆ፣ ደብረ ዘቢጥ፣ ፍላቂት፣ ጋሸና እያለ ይቀጥላል። ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። በመኪናው መንገድ ቢለካ ጠቅላላው ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በቀን 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 12 ቀን ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው።

የጣና ዳር ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የጉና ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ መንገደኛው ጫፉ ላይ ባይወጣም ብርዱን በግርጌው ይቀምሰዋል። እንግዲህ በቆላው ሙቀት ያላበ እግር በደጋው ውርጭ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ቁስሉ የሚመጣው ከመንገዱ ጠባይ እንጂ እግዚአብሔር ስለተቆጣ አይደለም።

፪. እግር ሲቆስል ምን እናድርግ?

እግዚአብሔር ስለ እግር ያስባል። እስራኤል 40 ዓመት በምድረ በዳ ሲጓዙ እግራቸው እንዳላበጠ ሙሴ አስታውሷቸዋል (ዘዳ. 8፥4)። መናውንና የዓለቱን ውኃ እናስታውሳለን፤ የእግራቸውን ነገር ግን ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። እግርን መንከባከብ የመንፈሳዊነት ጉድለት የሚመስለው ሰው ይህን ጥቅስ ይመልከት።

ስለዚህ፦

ሀ. አዲስ ጫማ ለመንገድ አይሆንም። እግር የለመደውን፣ የማይጠብና የማይሰፋ ጫማ ማድረግ ይገባል። የእግር ጥፍር ከመነሣት በፊት ይቆረጥ፤ ቁልቁለት ላይ ረጅም ጥፍር ከጫማው ጋር ይጋጫል። ካልሲ ሲረጥብ ይቀየር። የሚፋተገውን ቦታ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል።

ለ. ቆዳው መቅላትና ማቃጠል ሲጀምር ወዲያው ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። «ትንሽ ልታገሥ» እያሉ መሄድ የአንድን ሰዓት ሕመም የአንድ ሳምንት ያደርገዋል።

ሐ. ውኃ የቋጠረውን ቆዳ አንላጠው። ቆዳው ራሱ የቁስሉ ክዳን ነው። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በፕላስተር ሸፍነን እንተወው። ራሱ ከፈነዳ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይሸፈን። አፈር፣ አመድ ወይም እበት አይደረግበትም።

መ. መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ፣ ብሽሽት ካበጠ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጉዞው ይቁምና ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ሳያመው ሊቆስል ስለሚችል ሳይነሣ ሐኪም ያማክር፤ በመንገድም በየማታው እግሩን ይመልከት ወይም ሌላ ሰው ያሳይ።

«በባዶ እግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተስያለሁ» የሚሉ አሉ። ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው በተቀደሰው ስፍራ ቆሞ ሳለ ነው (ዘጸ. 3፥5)። እኛም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እናወልቃለን። በ300 ኪሎ ሜትር ጠጠር ላይ ግን ይህ ትእዛዝ አልተሰጠንም። እንዲህ ያለ ስለት ያለበት ሰው ብቻውን አይወስን፤ ነፍስ አባቱን ያማክር። የጾሙንም ሰዓት በተመለከተ እንደዚሁ ነው። መንገደኛም በሽተኛም እንደ አቅሙ ምክር ይሰጠዋል።

፫. ልብ ሲጠራጠር

የእግር ቁስል በጨርቅ ይሸፈናል። የልብ ጥያቄ ግን ሌሊት ላይ ይገለጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ሦስት ሐሳቦች ናቸው።

የመጀመሪያው «ሌላው በመኪናና በአውሮፕላን ሄዶ ያው ቦታ ይደርሳል፤ የእኔ ድካም ለምን?» የሚለው ነው። ይህ ቀላሉ ነው። በመኪና የሄደው ወንድማችን አላጠፋም። አንተም ከእርሱ አትበልጥም። እግርህ የሚሰጥህ ጊዜ ነው። 12 ቀን ሙሉ ከሥራ፣ ከወሬ፣ ከገበያ ተለይተህ የምትጸልይበትን ጊዜ ሌላ ቦታ አታገኘውም። ይህን ጊዜ በማማረር ካሳለፍከው ግን በእውነትም በመኪና የሄደው ይሻላል።

ሁለተኛው «እግሬ የቆሰለው እግዚአብሔር ስላልፈቀደ ይሆን?» የሚለው ነው። እስቲ ነቢዩ ኤልያስን እናስበው። ኤልዛቤልን ሸሽቶ የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ሄደና ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገ. 19)። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው እኮ! እንደ እርሱ ያለ ሰው በቃኝ ካለ እኔና አንተ ብንል ምን ይገርማል? መልአኩ መጥቶ ምን አደረገ? አልገሠጸውም። «እምነትህ የት አለ?» ብሎ አልመረመረውም። የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰውና እንደገና አበላው፤ መንገዱ ከአቅሙ በላይ መሆኑንም ራሱ መሰከረለት። ከዚያ በኋላ ነው ኤልያስ 40 ቀንና 40 ሌሊት የሄደው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። ሲደክመን የሚመጣው ጥርጣሬ ሁሉ የሃይማኖት ጥያቄ አይደለም። አንዳንዱ ረኃብ ነው፣ አንዳንዱ እንቅልፍ ማጣት ነው። ስለዚህ ማታ ላይ «እመለሳለሁ» ብለህ አትወስን። በሶህን በጥብጠህ ጠጣ፣ እግርህን ታጠብ፣ ጸልይና ተኛ። ጠዋት ላይ ሐሳቡ አሁንም ካለ ያኔ ከጓደኞችህ ጋር ተነጋገር።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። አንዲት እናት ልጇ ታሞባት ተስላ ትነሣለች እንበል። አምስት ቀን ሄዳለች፣ ተረከዟ ደምቷል። ከቤት ወሬ ይደርሳታል፤ ልጁ አልተሻለውም። «ይህን ሁሉ እየከፈልኩ ለምን አልሰማኝም?» ትላለች።

እናቴ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሊነቀፍ አይገባም። በወንጌል አንድ አባት በታመመ ልጁ ፊት ቆሞ እምነቱንም አለማመኑንም በአንድ ትንፋሽ ለጌታ ነግሮታል፤ ጌታም አላባረረውም (ማር. 9፥24)። ነገር ግን አንድ ቃል እንመርምር፤ «እየከፈልኩ» የሚለውን። መንገዱ ክፍያ ነውን? የተረከዝ ደም ዋጋ ነውን?

በላሊበላ በልደት ዕለት ከቅዳሴው በኋላ በቤተ ማርያም የሚሆነውን የሄዱት ያውቁታል። ካህናቱ ከፊሉ ከላይ በማሜ ጋራ በዓለቱ ጠርዝ ላይ፣ ከፊሉ ከታች በቅጽሩ ውስጥ ይቆማሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። የሚዘመረው ዝማሬ ስሙ «ቤዛ ኩሉ» ይባላል። የሁሉ ቤዛ ማለት ነው። ቤዛ ስለ ሌላው ዋጋ የሚከፍል ነው። 300 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ሄደን የምንሰማው ትልቁ ቃል ዋጋው በሌላ የተከፈለ መሆኑን ነው!

ስለዚህ ቁስላችን ዋጋ አይደለም። ልጁ ያልዳነው እናቱ የሄደችው መንገድ ስላነሰ አይደለም። ልጁ ቢድንም ስለ ተረከዟ ተብሎ አይደለም። እግዚአብሔር በኪሎ ሜትር የሚሸጥ ነጋዴ አይደለም። ለምን እንደዘገየ እኛ አንመልስላትም፤ ግን ወደ ተወለደው ሕፃን ስትሄድ ወደ ባለ ዕዳ ሳይሆን ወደሚያዝንላት እንደምትሄድ እንነግራታለን። እመቤታችንም ከናዝሬት እስከ ቤተ ልሔም በዚያ ወራት ደክማለች፤ ደርሳም ማደሪያ አጥታለች (ሉቃ. 2)። መንገድ መድከም ከእግዚአብሔር መራቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

፬. መመለስ ኃጢአት የማይሆንበት ጊዜ

መጽናት ማለት ሁልጊዜ ወደፊት መሄድ አይደለም። አበው እንደሚነግሩን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከታነጹበት ምክንያት አንዱ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን በመንገድ ይደርስባቸው የነበረው መከራ ነው። ወንዙን ዮርዳኖስ ብለው የሰየሙት ሩቁን ለማቅረብ ነው። ስለ ምእመናን እግር የታሰበበት ቦታ ነው እንግዲህ። እዚያ ለመድረስ ብሎ ሕይወትን ያለ ምክንያት አደጋ ላይ መጣል ከዚህ አሳብ ጋር አይስማማም።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ላሊበላ ድረስ ደርሶ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በክልላችን የተነሣው ግጭት ብዙ መንገደኛ አስቀርቷል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ከሚያውቁት መጠየቅ ያስፈልጋል። መንገዱ ከተዘጋ፣ ሕመሙ ከጠና ወይም ነፍስ አባት «ተመለስ» ካሉ መመለስ መሸነፍ አይደለም። ስለቱን በምን እንደሚፈጽሙት ነፍስ አባት ይነግሯችኋል። የቀረውን መንገድ በመኪና መሄድም እንዲሁ አያሳፍርም።

፭. ቤት የቀረውስ?

የዚህ ጾም የመጨረሻዎቹ ቀናት በአባ አብርሃም ሶርያዊ ዘመን በግብፅ የተጾመውን የሦስት ቀን ጾም ያስታውሱናል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከሊፋው ተራራ እንዲያንቀሳቅሱ ክርስቲያኖችን ሲጠይቃቸው ጾመው ጸለዩ። ተራራው የተነሣው ስምዖን በተባለ ጫማ ሰፊ ጸሎት እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ትተርካለች። ይህ ሰው በየማለዳው ከሥራው በፊት ለአረጋውያንና ለድውያን ውኃ ይቀዳ ነበር። የሰው እግር የሚያለብስ፣ የሰው ጥም የሚያረካ ሰው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ቤትህ በተሳላሚ መንገድ ዳር ከሆነ የአንተ ሱባኤ ይህ ነው። አብርሃም ለእንግዶቹ በመጀመሪያ ያቀረበላቸው እግር መታጠቢያ ውኃ ነው (ዘፍ. 18፥4)። ጌታችንም የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል (ዮሐ. 13)። በላሊበላ ለሚደርሱት ተሳላሚዎች እግር የሚያጥቡ አሉ። ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ማደሪያ ጥግ፣ የሚቀመስ ቆሎ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተሳላሚውም «አልፈልግም፣ ደህና ነኝ» አይበል። ጴጥሮስም መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር። እግርን ለሰው መስጠት ትሕትና ይጠይቃል፤ አንዳንዴ ከመሄድ ይልቅ ይከብዳል።

ማጠቃለያ

ወገኖቼ፣ እግር ሲቆስል እግዚአብሔር ትቶናል አንበል። ልብ ሲጠራጠር ደግሞ እንብላ፣ እንረፍ፣ ለሰው እንናገር፣ እንጸልይ። ሊጠገን የሚችለውን እንጠግን፤ ሊቆም የሚገባው ሲሆን እናቁም። ከሁሉ በላይ ዋጋችንን የከፈለውን እያሰብን እንሂድ። ያኔ ጉዞው ክፍያ መሆኑ ቀርቶ ምስጋና ይሆናል።

ለራሳችን የምንጠይቃቸው
1. መልአኩ ለኤልያስ በመጀመሪያ ያደረገለት ነገር ምንድን ነው? እኔስ የደከመ ሰው ሳይ በመጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው?
2. በስለቴ ከእግዚአብሔር ጋር «እየተገበያየሁ» ይሆን?
3. በዚህ ጾም የማንን እግር ማጠብ እችላለሁ?

የልደቱን ብርሃን በሰላም ያሳየን፤ በመንገድ ያሉትን ይጠብቅልን፣ የታመሙትን ይማርልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።