ሳታነቡ አትሰርዙ፦ የፕሌይ ስቴሽን 2 የቅንብር ፋይል ሲበላሽ እንዴት ይመረመራል?



«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው። እኔም ባለፈው ክረምት አፍስሼ ለቅሜአለሁ። ከዚያ የተማርኩት ነገር ለእኛ ለወደፊት መምህራን ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እነሆ አቅርቤዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ በሰፈራችን ሁለት ፕሌይ ስቴሽን 2 ያቆመበት ትንሽ ጌም ቤት አለው። ልጆች ሳንቲም አዋጥተው ኳስ የሚጫወቱበት ነው። አንድ ቀን በአንደኛው ማሽን ላይ የኳሱ ጨዋታ ሲከፈት ድምፁ ይሰማል፣ ቴሌቪዥኑ ግን ጨለማ ሆነ። ሌሎቹ ጨዋታዎች ደህና ነበሩ። «አንተ የተማርከው ነህ፣ እስቲ እየው» አለኝ። እኔም ፍላሹን ነቅዬ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁና የቅንብር ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደር እንዳለ ሰረዝኩት። ፍላሹን መልሼ ስሰካው ሥዕሉ መጣ። በቃ ተፈታ አልን።

በማግሥቱ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ መጣና ማስተር ሊጉን ሊቀጥል ከፈተ። ስምንት ወር ሙሉ ሲገነባው የኖረው ቡድን የለም። «ጋሼ፣ ቡድኔን የት አደረጋችሁት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

1. የቅንብር ፋይል ምንድን ነው?

ፕሌይ ስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ምርቱ ቢቆምም ከ155 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራል። ችግሩ ማሽኑ ሲያረጅ ዲስክ የሚያነብበት ሌንስ መድከሙ ነው። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች ማሽኑን አሻሽለው ጨዋታውን ከፍላሽ ያስነሡታል። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ ኦፕን ፒ ኤስ ቱ ሎደር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ከዚህ በኋላ ባጭሩ ሎደሩ እንበለው።

ጨዋታዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። አንዱ መረጃው በዝግታ ካልተነበበለት አይሄድም፤ ሌላው ሌላ ይፈልጋል። ስለዚህ ሎደሩ ለየጨዋታው የተመረጠውን ቅንብር በአንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል፤ የምትቀመጠውም ሲ ኤፍ ጂ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። በተራ የጽሑፍ መክፈቻ፣ ለምሳሌ በኖትፓድ፣ ትነበባለች። በውስጧ የሚገኙት መስመሮች የሚከተሉትን ይመስላሉ። በፋይሉ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እኔ በእኛ ፊደል አስቀምጬአቸዋለሁ።

$ኮምፓቲቢሊቲ=4
$ኢነብልጂኤስኤም=1
$ቪኤምሲ_0=ሊግ

ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ያለው የጉዳዩ ስም ነው፤ በስተቀኝ ያለው ሰው የወሰነው ውሳኔ ነው። ሁለተኛው መስመር የቴሌቪዥኑን የሥዕል ዓይነት በግድ የሚቀይር ሲሆን 1 ማለት «ይሥራ»፣ 0 ማለት «አይሥራ» ነው። ሦስተኛው ጨዋታው የሚቀመጥበትን ምናባዊ ሚሞሪ ካርድ ስም ይነግራል።

2. ታዲያ የተበላሸው ምን ነበር?

ኋላ ሲጣራ አንድ ተጫዋች ጥራት ይጨምራል ብሎ የሥዕሉን ዓይነት ወደ 480 ፒ ቀይሮት ኖሯል። የእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ አሮጌ ነው፤ የተያያዘውም በቢጫው የሥዕል ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ 480 ፒ ማስተላለፍ አይችልም። ድምፁ በሌላ ሽቦ ስለሚሄድ ተሰማ፣ ሥዕሉ ግን ቀረ። መለወጥ የነበረበት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ 1ን 0 ማድረግ። እኔ ግን ፎልደሩን በሙሉ ስሰርዝ የሚሞሪ ካርዱን ስም የያዘችውም መስመር አብራ ጠፋች።

መፍትሔውን ያገኘሁት የሁለተኛውን ማሽን ፍላሽ ከፍቼ የዚያን ፋይል መስመር በመስመር ካነበብኩ በኋላ ነው። ምናባዊው ሚሞሪ ካርድ ራሱ ቪ ኤም ሲ በሚባል ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በእኛው ፍላሽ ላይ ብፈልገው፣ ልክ እንደ እውነተኛው ካርድ 8 ሜጋባይት የሆነው ፋይል ደህና ተቀምጧል! ደብተሩ አልተቃጠለም፤ የጠፋው አድራሻው ነበር። በሎደሩ የጨዋታ ቅንብር ገጽ ላይ የካርዱን ስም መልሼ ሞላሁና አስቀመጥኩት። ቡድኑ ተመለሰ። ልጁ አንድም ነገር ሳይናገር መጫወቱን ቀጠለ። እኔ ግን ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

3. የምርመራ ቅደም ተከተል

ሀ. አንድ ጨዋታ ነው ወይስ ሁሉም? አንዱ ብቻ ከታመመ የራሱን ፋይል ተመልከቱ። ሁሉም ከታመሙ የሎደሩን ጠቅላላ ቅንብር፣ ፍላሹንና ሽቦውን መርምሩ።

ለ. አስቀድማችሁ ቅጂ አስቀምጡ። ፎልደሩን ወደ ላፕቶፑ ገልብጡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔን ግን አንድ ቀን ሙሉ ከመጨነቅ ያድነኝ ነበር።

ሐ. የፋይሉን ስም አረጋግጡ። ስሙ የዲስኩ መለያ ቁጥር ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው ጂ ቲ ኤ ሳን አንድሬያስ «ኤስኤልዩኤስ_209.46» ነው። ከታች ያለው ሰረዝ ወይም ነጥቡ ከተዛነፈ ሎደሩ ፋይሉን አያገኘውም። ደግሞም ዊንዶውስ የፋይልን ቅጥያ ስለሚደብቅ በኖትፓድ አዲስ ስታስቀምጡ ከኋላው «.ቲኤክስቲ» ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ሲያዩት ትክክል ይመስላል፤ አይደለም።

መ. በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያ ሞክሩ። ሦስቱን ባንድ ላይ ብትለውጡና ቢሠራ የትኛው እንዳዳነው በምን ታውቃላችሁ?

ሠ. የለወጣችሁትን በወረቀት ጻፉ።

4. ቁጥሩ ምን ይናገራል?

የመጀመሪያው መስመር ለሒሳብ ሠልጣኞች ደስ ይላል። ሎደሩ «ሞድ» የሚባሉ የማስማሚያ ዘዴዎች አሉት። ሞድ 1 መረጃው ከዲስክ እንደሚነበብ ያህል በልኩ እንዲነበብ ያደርጋል፤ ሞድ 4 ቪዲዮዎችን ይዘልላል፤ ሞድ 6 ከጨዋታው ወደ ሎደሩ መመለሻውን ያጠፋል። ለየሞዱ የተሰጠው ዋጋ ሁለት እጥፍ እያለ ይሄዳል፦ ሞድ 1 ዋጋው 1፣ ሞድ 2 ዋጋው 2፣ ሞድ 3 ዋጋው 4፣ ሞድ 4 ዋጋው 8፣ ሞድ 5 ዋጋው 16፣ ሞድ 6 ዋጋው 32። በፋይሉ ላይ የሚጻፈው ድምሩ ነው። ስለዚህ 4 ማለት ሞድ 4 ሳይሆን ሞድ 3 ነው! 36 ከሆነ ደግሞ 32 ሲደመር 4፣ ማለትም ሞድ 6 እና ሞድ 3 ናቸው። እጥፍ በእጥፍ ስለሚሄድ አንድ ድምር ከአንድ በላይ ፍቺ አይኖረውም።

5. ይህ ለክፍል ምን ይጠቅማል?

አንድ ተማሪ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ «ሁለት አምስተኛ» ብሎ ጻፈ እንበል። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘን ትክክለኛውን ብንጽፍለት እኔ ፎልደሩን እንደሰረዝኩት መሆኑ ነው እኮ። ሥዕሉ ለጊዜው ይመጣል። ብናነበው ግን ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው እንደደመረ እናያለን። ስሕተቱ ያለው በአንድ መስመር ነው፤ መደመር ያውቃል፤ የጋራ ታሕት መፈለግ ብቻ ነው የቀረው። ያንን አንዱን እናስተካክል፤ የሚያውቀውን አብረን አንሰርዝበት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በፋይሉ ላይ «$ኮምፓቲቢሊቲ=13» የሚል ቢገኝ የትኞቹ ሞዶች ተከፍተዋል?
2. ድምፅ እየተሰማ ሥዕል ከጠፋ በመጀመሪያ የትኛውን መስመር ታነባላችሁ? ለምን?
3. በማስተማር ልምምድ ወቅት ያጋጠማችሁን አንድ የተማሪ ስሕተት ውሰዱና «የተሳሳተው መስመር» የትኛው እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጹ።